በመድኃኒት የተኛ ሻጋታ

ቴፒ ላይ ምንም ነገር አይደርቅም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው አገሩን ለማማት አይደለም፤ ካልተናገርኩ የሚከተለው ሁሉ የሰነፍ ሰው ሰበብ ስለሚመስል ነው። ጠዋት ያጠብኩት ሸሚዝ በማግስቱም ርጥበቱ አይለቀውም። ሻንጣ ውስጥ የከተትኩት ቀበቶ አረንጓዴ አቧራ ለብሶ ይወጣል። የጨው ዕቃው ሥር ውሃ ያቁራል። እኔ ያደግኩት ልብስ አስጥተው፣ ምሳ በልተው ሲወጡ ደርቆ በሚገኝበት አገር ስለሆነ፣ የመጀመሪያውን ዓመት ጫማዬን እየወለወልኩና እየተገረምኩ አሳለፍኩት። በሁለተኛው ዓመት መገረሙ ቀረ፤ መወልወሉ ብቻ ቀጠለ።

ሥራዬ የዕፅዋት ሴል በጠርሙስ ውስጥ ማሳደግን ማስተማር ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ከአንድ የቡና እግር ላይ ጤነኛ ቅጠል ይቆረጣል። ቅጠሉ በበረኪና ታጥቦ፣ የተጣራ አየር በሚነፍስበት ሳጥን ውስጥ ከጥፍር ያነሱ ቁራጮች ይሆናል። ቁራጮቹ ስኳርና ማዕድን ባለው፣ እንደ ጄሊ በረጋ ምግብ ላይ ይቀመጣሉ። ከወራት በኋላ የቁራጩ ጠርዝ ያብጥና ቅርጽ የሌለው፣ ነጣ ያለ የሴሎች ጉብታ ያወጣል፤ ካለስ ይባላል። ካለሱ ከተመቸው ቆይቶ ትንንሽ ችግኞች ይበቅሉበታል፤ ችግኞቹም ቁርጥ እናታቸውን ናቸው። ድሮ ይህን ሳስተምር ድምፄ ከፍ ይል ነበር። አሁንም ሙሉውን አስረዳለሁ፤ ድምፄ ግን መሀል ላይ ይደክመዋል።

ምክንያቱም ለቡናው ሴል የጣመው ምግብ ለሻጋታም ይጥመዋል። ሴሉ በወራት የማይደርስበትን ሻጋታው በጥቂት ቀናት ይደርስበታል። ዓይን የማታያት አንዲት ዘር ጠርሙሱ ውስጥ ከገባች በቂ ናት።

ይህ ጽሑፍ ስለ አንዲት ተማሪዬና አባቷ ስለተከሏት የቡና እግር ነው። ተማሪዋ የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቷን የምትሠራ፣ የአንድ ልጅ እናት የሆነች የሸኮ ሴት ናት። አባቷ ሸኮ አካባቢ ካላቸው ማሳ ውስጥ አንዲት እግር ነበረች፤ ፍሬ የሚያጠቁረው በሽታ ዙሪያዋን ያሉትን ሁሉ ሲመታ እሷ ዝም ብላ ቀይ ፍሬ የምትሸከም። አባቷ ፍሬዋን ዘርተው ሞክረው ነበር፤ ችግኞቹ አደጉ፣ በሽታውም ያዛቸው። «ልጆቿ እሷን አልሆኑም» ይላሉ። ልጃቸው ከዚያች የቡና እግር ቅጠል ቆርጣ ወደ እኛ ቤተ ሙከራ ያመጣችው ለዚህ ነው። ካመጣች ከጥቂት ወራት በኋላ እናት እግሯ ራሷ ከአንድ ወገን ጠወለገች፤ ቅጠሏ ሳይረግፍ ደረቀ፣ ግንዷ ሲላጥ ውስጡ ጠቁሮ ተገኘ። ይህን የሚያደርገው ከአፈር የሚነሳ ፈንገስ ነው። አባትየው ወደ ሌሎቹ እንዳይተላለፍ ብለው ነቅለው እዚያው አቃጠሏት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እግሯ የምትገኘው እኛ መደርደሪያ ላይ ብቻ ሆነ።

አባትየው ገበያ በወጡ ቁጥር፣ ኔትወርክ ካለበት ቦታ ሆነው ለልጃቸው ይደውላሉ። እሷ እጇ ሥራ ላይ ስለሚሆን ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ ታደርገዋለች፤ ስለዚህ እኔም እሰማለሁ። ከልጃቸው ጋር በሸኮኛ ሰላምታውን ከጨረሱ በኋላ ለእኔ ሲሉ ወደ አማርኛ ይመለሳሉ።

«መምህሩ አለ?»

«አለሁ አባባ፤ እንደምን አሉ?»

«እኔ ደህና። ዛፌ ደህና ናት?»

«ደህና ናት። እያበጠች ነው።»

«ማበጥ ጥሩ ነው?»

«ለእሷ ጥሩ ነው አባባ።»

«እሺ። አንተ ተምረሃል፣ አንተ ታውቃለህ። እኔ ማበጥ ስሰማ ጥሩ አይመስለኝም።»

የመጀመሪያው ሻጋታ የታየው ዝናቡ በበረታበት ሰሞን ነው። ተማሪዋ ጠርሙሱን ወደ መብራቱ ከፍ አድርጋ ቆየችና፣ «ቲቸር፣ ጥጥ ይመስላል» አለች። ጥጥ አልነበረም። ሕጉ ግልጽ ነው፤ እኔም በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ የምጽፈው ነው። የሻገተ ጠርሙስ አይከፈትም፤ እንደተዘጋ በእንፋሎት ይቀቀላል፣ ይጣላል። ተማሪዋ ግን ጠርሙሱን አልሰጠችኝም።

«ሌላ የምንቆርጥበት ቢኖር እሺ» አለች። «ከየት እንቆርጣለን?»

 እናቱ የተቃጠለች ልጅ ስለሻገተ ብቻ አይጣልም። ስለዚህ ወደ መድኃኒቱ ሄድን።

የፈንገስ መድኃኒቱን ዋና ከተማ ያለ አንድ ባልደረባ በበረዶ ሣጥን አድርጎ በአውቶብስ ላከልን። አውቶብሱ ሚዛን ከተማ ሲደርስ የቴፒ መንገድ በጭቃ ተዘግቶ ነበር፤ ሹፌሩ ሣጥኑን ማቀዝቀዣ ላለው አንድ ባለሱቅ ሰጥቶት ሄደ። ባለሱቁ ቤተሰቡ ከጅማ አካባቢ የመጣ፣ ሣቂታ ሰው ነው። መንገዱ ሲከፈት ሄጄ ሳገኘው መድኃኒቱ በለስላሳ ጠርሙሶች መሀል በክብር ተቀምጧል።

«ቲቸር፣ ይሄ ምንድነው? ሹፌሩ ፀሐይ አታሳዩት ብሎ እንደ ሙሽራ ነው ያስረከበኝ።»

«የፈንገስ መድኃኒት ነው።»

ወደ እግሬ አየ። ከዚያ ሱቁ ውስጥ የነበረችው ደንበኛ እንዳትሰማ ይመስል ጎንበስ አለና፣ «ለእግር ጣት ከሆነ አይፈሩ» አለኝ። «እዚህ አገር ቦቲ ጫማ የሚያደርግ ሁሉ አለበት። እኔ የምቀባው አለ፤ ልስጥዎት?»

«ለእኔ አይደለም። ለቡና ነው።»

«ለቡና!» አለ፤ ሴትየዋም ዞር አለች። «ቡና የእግር ጣት አለው እንዴ? በሉ ይውሰዱት። የማቀዝቀዣ አልጠይቅም፤ ቡናው ሲድን አንድ ስኒ ይጋብዙኛል።»

ከሚዛን እስከ ቴፒ ሣጥኑን ጭኔ ላይ አድርጌ ተጓዝኩ።

መድኃኒቱ እንዴት እንደሚሠራ ላስረዳ፤ ቀጥሎ የሆነው የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው። የፈንገስ ሴል ዙሪያውን የሚከልለው ስስ ሽፋን አለው። መድኃኒቱ ሽፋኑ ላይ ይጣበቅና ይበሳዋል፤ የሴሉ ውስጥ ያለው ነገር ይፈስሳል። ግን ሦስት ጠባይ አለው። አንደኛ፣ ሙቀት አይወድም፤ ምግቡ ከተቀቀለ በኋላ፣ በረድ ሲል ግን ሳይረጋ፣ በዚያች አጭር ጊዜ መጨመር አለበት። ሁለተኛ፣ ብርሃን አይወድም፤ የእኛ ጠርሙሶች ደግሞ ቀኑን ሙሉ መብራት ሥር ነው የሚውሉት። ሦስተኛውና አድካሚው፣ መጠኑ ካነሰ ሻጋታውን አይገድለውም፤ ያስተኛዋል። ከበዛ ደግሞ የቡናውን ሴል ራሱን ይጎዳዋል፤ የቡናም ሴል ሽፋን አለውና።

እኛ መሀሉን ፈለግን። ለጥቂት ሳምንታት ያገኘነው መሰለን። ጥጡ ቆመ። ተማሪዋ ጠርሙሶቹን እያዞረች ታያለች፣ ፈገግ ትላለች፤ ለአባቷም «መድኃኒት ሰጥተናታል፣ ተሽሏታል» ብላ ነገረቻቸው። ከዚያ መድኃኒቱ በብርሃኑ ኃይሉን ሲጨርስ ሻጋታው ከተኛበት ተነሣ። ወደ አዲስ ምግብ፣ ወደ አዲስ መድኃኒት አዛወርናቸው። ተኛ። ተነሣ። መጠኑን ጨመርን። አሁን ሻጋታው ብቻ ሳይሆን ካለሱም ቆመ፤ ነጣ ያለው ጠርዙ ቡናማ እየሆነ ሄደ። ክረምቱን ያሳለፍነው እንዲህ ነው። ጠዋት ገብቼ መደርደሪያውን ሳይ ልቤ አስቀድሞ ይደክመዋል፤ የማየውን አውቀዋለሁና።

መድኃኒቱ ሊያልቅ ሲል ተማሪዋ ትንሽ ጠርሙስ ይዛ መጣች። ልጇ በሕፃንነቱ አፉ ውስጥ ነጭ ነገር ሲወጣበት የታዘዘለት ጠብታ ነው።

«ፋርማሲ ሄጄ ጠየቅኩ። የፈንገስ ነው አሉኝ። ቲቸር፣ ለልጄ ከሠራ ለእሷ አይሠራም?»

ቀመስኩት። ጣፋጭ ነው፤ የሙዝ ቃና አለው።

«ለሕፃን አፍ እንጂ ለእኛ ጠርሙስ የተዘጋጀ አይደለም» አልኳት። «ስኳር አለበት። ሻጋታውን እያከምን ሻይ እናጠጣዋለን።»

ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ሳያልቅ ዓይኗን ጠረገች፤ እኔም ጠብታውን መልሼ ሰጠኋት።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ከብዙ ድካም በኋላ ሰው አንዳንዴ የሚያስበውን ቀላል ነገር አሰብኩ። ሻጋታውን እንዴት እንደምናስተኛ ስንጠበብ፣ ከየት እንደሚመጣ አልጠየቅንም። መድኃኒት የዚህ ዓይነት ምቾት አለው፤ ካለህ በሩን አትመለከትም። ከአየሩ የሚወርደውን ዘር እንዲይዝልን ምግብ ያለበትን ክፍት ሳህን በየቦታው አስቀመጥን፤ ሳጥኑ ውስጥ፣ በሩ አጠገብ፣ ወለሉ ላይ፣ በየመደርደሪያው ከፍታ። ከቀናት በኋላ የንፁህ አየር ሳጥኑ ውስጥ የነበረው ባዶ ነበር። ሥራችን ንፁህ ነው ማለት ነው። ማሳደጊያ ክፍሉ ወለል ላይ የነበረው ግን አረንጓዴ፣ ጥቁርና ቢጫ ሻጋታ እንደ ጨርቅ ሸፍኖታል።

ማሳደጊያ ክፍሉን ልግለጽ። ጠባብ ክፍል ነው፤ መደርደሪያዎቹ ላይ መብራት ተደርድሯል፤ ርጥበት የሚስብ ማሽን አለው። ከግቢው፣ ምናልባትም ከከተማው፣ ደረቅ የሆነው ክፍል እሱ ብቻ ነው። ከመደርደሪያዎቹ ሥር በሩ የሚዘጋ ረጅም ቁም ሣጥን አለ፤ ባዶ መስሎኝ ኖሯል። ከፈትነው።

ባዶ አልነበረም። የትምህርት ክፍላችን ጸሐፊ ጥቁር ጫማ በጋዜጣ ተሞልቶ ተቀምጧል። የአንድ ልጅ የትምህርት ቤት ሹራብ ተዘርግቷል። በላስቲክ የተጠቀለለ የፎቶ አልበም። የቤተ ሙከራ ቴክኒሻናችን የዝናብ ካፖርት። ቴክኒሻኑ ከእኛ ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡ፣ ጋሼ የምንላቸው ሰው ናቸው። ጠራኋቸው።

«ጋሼ፣ ይሄ ካፖርት የእርስዎ አይደለም?»

«የእኔ ነው» አሉ፤ ሳይደነግጡ። «ታዲያ የት ይድረቅ? አንተ ለቡና ቅጠል መብራት ታበራለህ፤ እኔ ሰውዬው ርጥብ ለብሼ ልሂድ?»

«ጋሼ፣ ሻጋታው ከዚህ ነው የሚወጣው።»

«እኔ ካፖርቴን ያስገባሁት በሐምሌ ነው። ጸሐፊዋ ናት ያሳየችኝ። ጸሐፊዋን ማን እንዳሳያት እሷን ጠይቅ።» ካፖርቱን አንስተው አራገፉት። እንዲያራግፉት አልፈለግሁም ነበር።

እዚህ አገር ደረቅ ቦታ ያገኘ ሰው ለጎረቤቱ ያካፍላል፤ መከልከል ነውር ነው። በሩ ላይ «ከጋውን በስተቀር ምንም አይገባም» ብዬ ለጥፌያለሁ። ሰዎቹም አንብበውታል። ማስታወቂያው የሚመለከተው ባዕድ ነገርን መሰላቸው እንጂ የራሳቸውን ጫማ አይደለም።

ሁሉን አውጥተን ስንጨርስ ከጥጉ ውስጥ አንድ ማዳበሪያ ከረጢት ቀረ። ጎተትኩት። ቀላል ነው፣ ይንኮሻኮሻል። ከነገለባው የደረቀ ቡና፣ ጀንፈል ነው። አፉን ስፈታው ቀጭን አረንጓዴ ጭስ የመሰለ ነገር ከውስጡ ተነሣና መብራቱ ሥር ቀስ ብሎ ተንሳፈፈ። ያ ጭስ ሁሉ የሻጋታ ዘር ነው። እያንዳንዱ ቅንጣት ለአንድ ጠርሙስ ይበቃል።

«ይሄስ የማን ነው?» ብዬ ወደ ጋሼ ዞርኩ።

«የእኔ ነው ቲቸር» አለች ተማሪዋ።

ጋሼ ካፖርታቸውን ክንዳቸው ላይ አድርገው ወጡ።

እሷ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። የቡናዋ እግር ከመቃጠሏ በፊት የተለቀመ የመጨረሻ ፍሬዋ ነው። አባቷ አድርቀው ላኩላትና፣ «እኔ ቤት ይሻግታል። አንቺ የመንግሥት መብራት አለሽ፤ አስቀምጭልኝ፣ እንዳይሻግት» አሏት። ሊሸጡት አይደለም፣ ሊዘሩትም አይደለም፤ የዚያች እግር ፍሬ ስለሆነ ብቻ። ቤቷ ጣሪያው ያንጠባጥባል። ስለዚህ ከምታውቀው ቦታ ሁሉ ደረቁን መርጣ፣ ከጠርሙሶቹ በታች፣ ልጅና እናት አንድ ጣሪያ ሥር እንዲሆኑ አስቀመጠችው። ጀንፈሉ ግን ላይ ላዩን እንጂ ውስጡ አልደረቀም ነበር። መብራት በጠፋ ቁጥር፣ ማሽኑ በቆመ ቁጥር፣ ከረጢቱ ላብ ያወጣል፣ ይሻግታል፤ መብራቱ ሲመለስ ይደርቅና ዘሩን ወደ ላይ ይልካል።

ስለ ዘር አበታተን የማውቀውን ልነግራት ጀምሬ ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ከተናገርኩ በኋላ ታከተኝ። እሷም የምታውቀው ነገር ነው፤ እኔው ነኝ ያስተማርኳት።

«ስለ እሷ ብዬ ነው» አለች። «ከሁሉም በፊት መታየት የነበረበት የእኔው ከረጢት ነው፤ የእኔ ስለሆነ አላየሁትም።»

ከረጢቱን በላስቲክ ጠቅልላ ወደ ዝናቡ ይዛው ወጣች። ክፍሉን በበረኪና አጠብን፤ ግድግዳውን፣ መብራቶቹን፣ የማሽኑን ማጣሪያ። የቁም ሣጥኑን በሮች ነቅለን ጣልናቸው። ጋሼ ሳይጠሩ መጥተው መሰላሉን ያዙልኝ። «ጸሐፊዋ ጫማዬን የት ላድርግ ትላለች» አሉኝ፤ ሳቅሁና መሰላሉን ወጣሁ።

ከዚያ የፈራነው መጣ። መድኃኒት ያለበት ጠርሙስ ንፁህ ይሁን አይሁን አይታወቅም፤ ዝም ያለው ድኖ ይሆናል፣ ተኝቶም ይሆናል። ለማወቅ ያለው መንገድ አንድ ነው፤ በሕይወት የቀሩትን ሁሉ ምንም መድኃኒት ወደሌለበት ምግብ ማዛወርና መጠበቅ። የተኛበት ካለ ይነሣል። ከተነሣም ከእንግዲህ መድኃኒት አንሰጠውም፤ ቀቅለን እንጥለዋለን።

«ሁሉንም?» አለች።

«ሁሉንም። ግማሹን በመድኃኒት ብናስቀር፣ በየወሩ እዚሁ ቁጭ ብለን ይህንኑ ስንደግም እንኖራለን።»

«ሁሉም ቢሻግትስ?»

«እንግዲያው ከዚህ በፊትም አልነበረንም ማለት ነው። የነበረን መስሎን ነው።»

እንዲህ ብሎ መናገር ቀላል ነው። መቆንጠጫውን በእሳት እያቃጠለች፣ እያቀዘቀዘች፣ ቁራጮቹን አንድ በአንድ ያዛወረችው እሷ ናት።  አንድ ጊዜ ብቻ ቆም ብላ ትከሻዋን ለማሳረፍ ወደ ኋላ ተደገፈች፤ ስለ ልጇ ሳል አንድ ነገር አለችኝና ቀጠለች።

በሳምንቱ ጥጡ ተነሣ። ከአንዱ ጠርሙስ፣ ከሌላው፣ ከቀጣዩ። በየጠዋቱ የተነሣውን እየለየን፣ ሳንከፍት ወደ እንፋሎቱ ድስት እንወስዳለን።  መደርደሪያው ላይ ባዶው ቦታ እየሰፋ ሄደ።

አንድ ጠርሙስ ዝም አለ። እኛም ዝም አልነው። ሁለተኛው ሳምንት አለፈ፣ ወሩም አለፈ። ካለሱ ምስር ያክላል፤ በአንድ በኩል መድኃኒቱ ያጠቆረው ነው፣ በሌላው በኩል ግን ነጣ ያለ አዲስ ጠርዝ እያወጣ ነው። ለምን እሱ እንደተረፈ አላውቅም። የተሻለ መጠን አልሰጠነውም፣ የተሻለ ቦታ ላይም አልነበረም። ማስረዳት ለሚወድ ሰው ይህን መጻፍ ያስቸግራል፤ ቢሆንም እንዲሁ ነው።

አባትየው በገበያ ቀን ደወሉ። ከዚያ በፊት በነበሩት ገበያዎች ልጃቸው ስልኩን ሳታነሳ ቀርታ ነበር። ያን ቀን አነሣችው፤ ድምፅ ማጉያው ላይ አደረገችውና ጠርሙሱን ከፊቷ አስቀመጠች። ከበስተጀርባቸው የገበያ ጫጫታ፣ የሞተር ድምፅ ይሰማል።

«መድኃኒቱ ሠራ?» አሉ።

«አቆምነው አባዬ። መድኃኒቱ ደብቆብን ነበር እንጂ አላዳነልንም። ብዙዎቹ ሞቱ።»

 አንድ ሰው በመሀል ሰላም አላቸው፣ መለሱለት።

«ጀንፈሉስ?»

ወደ እኔ አየች። እኔ ልመልስላት እችል ነበር፤ ማስረዳቱ ሥራዬ ነው። ራሷን ነቀነቀችብኝ።

«ሻገተ። ጠርሙሶቹንም የበላቸው ከእሱ የተነሣው ነው። እኔ ነኝ ከሥራቸው ያስቀመጥኩት።»

 መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን አየሁት፤ አልተቋረጠም።

«እኔ ነኝ የላክሁት» አሉ በመጨረሻ። «እኔም ቤት ቢቀመጥ ይሻግት ነበር። እና ምን ቀረ?»

«አንድ አባዬ። አንድ ብቻ።»

«ያበጠችው?»

«ያበጠችው።»

«እኔም ጋ አንድ ነበረች» አሉ። «አንድ ከሆነች ተጠንቀቂላት።» ከዚያ ዝናቡ ሊመጣ ስለሆነ ወደ ቤታቸው መሄድ እንዳለባቸው ነግረውን ስልኩን ዘጉት።

ተማሪዋ ጠርሙሱን ወደ መደርደሪያው መለሰችው፤ መካከለኛው ላይ፣ ከወለሉ ርቆ። እኔም ጋውኔን አውልቄ ስወጣ ውጭው ጨለም ብሎ ያንጠባጥባል። ጫማዬ ጠዋት ከበሩ ውጭ እንዳስቀመጥኩት ነበር፤ ርጥብ ነው። አደረግሁት።